ገናን ከበጎ ፈቃድ ቡድን ጋር በኢትዮጵያ፦ የሥራው ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ላሊበላ ወይስ ጥምቀትን መጠበቅ?

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ የሐኪሞችና የመምህራን በጎ ፈቃድ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚገቡት ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ የዓመት ፈቃድ እንደ ልብ የሚገኘው በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ስለሆነ። ዲሴምበር 25 እዚህ ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ጃንዋሪ 1ም እንደዚያው። ሥራው መልክ ሲይዝ ግን የአገሩ ገና ይደርሳል። ተመላላሽ ሕክምናው ጭር ይላል፣ ነርሶቹ ፈረቃ መቀያየር ይጀምራሉ፣ ሾፌሩም «ለበዓል እንዴት ነው የምንሆነው?» ብሎ ይጠይቃል። እራት ላይ አንዱ «ላሊበላ ለምን አንሄድም?» የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አውሮፕላኑ ሞልቷል፣ ሆቴሉ ተይዟል።

በዓሉ የት ይዋል የሚለው ከትኬት በፊት መወሰን ያለበት ለዚህ ነው። ቡድኑ አከበረም አላከበረም በዓሉ የሥራ ቀን መውሰዱ አይቀርም፤ ያ ቀን በምን ይለወጥ የሚለው ብቻ ነው ምርጫው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ከ10 እስከ 12 ሰው ያለበት፣ ግማሹ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግማሹ የውጭ ሰው የሆነ፣ ሐዋሳን በመሰለ የክልል ከተማ ለ14 ቀን የሚሠራ ቡድንን ታሳቢ ያደረገ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ማጥራት

ገና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር በሦስቱ ዓመታት ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ጥምቀት ከጥር 11 አይነቃነቅም፤ ስለዚህ በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይገፋል።

በ2019 ዓ.ም. ገና ሐሙስ (ጃንዋሪ 7፣ 2027) ነው፤ ጥምቀት ማክሰኞ (ጃንዋሪ 19)። 2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ዓርብ ታኅሣሥ 28 (ጃንዋሪ 7፣ 2028)፣ ጥምቀት ሐሙስ ጥር 11 (ጃንዋሪ 20) ይውላሉ። ቡድኑ ለተቀባዩ ተቋም በፈረንጅ ቀን ብቻ ጽፎ፣ ተቋሙም በኢትዮጵያ ቀን ብቻ መልሶ፣ ታካሚዎች በአንድ ቀን ተሳስተው የሚቀጠሩት በእንዲህ ያለው ዓመት ነው። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠርና ከነዕለቱ ስም መጻፍ ይገባል። ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ «2 ሰዓት» ሲባል የጠዋት ነው የማታ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ።

ሐሙስ የዋለ ገና በወረቀት ላይ አንድ ቀን ነው። በተግባር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰው አይገኝም፤ ዓርብም ሠራተኛው በግማሽ ልብ ነው፣ ካለም። ሁለት ቀን ተኩል ሄደ ማለት ነው። ለቀዶ ጥገና ቡድን ኪሳራው ከዚህ ቀደም ብሎ ይጀምራል፦ ከከፍተኛ ቀዶ ጥገና በኋላ ያሉት ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ሙሉ የነርስ ክትትል ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ለሐሙስ ገና የመጨረሻው ከባድ ቀዶ ጥገና ሰኞ ማለቅ አለበት፣ ማክሰኞ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚሄዱት ብቻ። ከገጠር የመጣ ታካሚም በዓልን ከቤተሰቡ ጋር መዋል ይፈልጋል። «ዶክተር፣ ለበዓል ልውጣ» ሲል እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ፋሻው ሳይፈታ ይሄድና ለቁስል እጥበት ሳይመለስ ይቀራል። መፍትሔው ቀጠሮውን ወደፊት ማምጣት እንጂ በዋዜማው መከራከር አይደለም።

ምርጫው በምን ይመዘን

የሚባክነው የሥራ ቀን ብዛት አንዱ ነው። ሁለተኛው በአስተናጋጆች ላይ የሚወድቀው ጫና ነው፤ ይህን ብዙ ቡድን ጨርሶ አያስበውም። ሦስተኛው ወጪው፣ አራተኛው ደህንነትና ኢንሹራንስ፣ አምስተኛው የቡድኑ ጤና ነው። በመጨረሻም ቡድኑ አንድ ላይ መዋል መቻሉን ማየት ያስፈልጋል። ድብልቅ ቡድን የሚሰነጠቀው ሥራ ላይ አይደለም፤ በበዓል ቀን ነው።

አንደኛ፦ በሥራው ከተማ ከባልደረቦች ጋር

ገና የቤት በዓል ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት የሚፈታው ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ቀኑም በየቤቱ ምግብ ዙሪያ ያልፋል። ስለዚህ በዓሉን ከውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሥራ ባልደረባው ቤት የተሻለ ቦታ አያገኝም። የሥራ ቀንም ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ይባክናል፤ ጉዞ የለም፣ ዓርብ ጠዋት ተኝተው የሚታከሙትን ዞሮ ማየት ይቻላል።

የሚበላሸው በቁጥር ነው። ዶሮ ወጥ በወጉ አንድ ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ይወጣል፤ ለአንድ ዶሮ ከ2 ኪሎ የማያንስ ሽንኩርት ያለ ዘይት እየታመሰ፣ ከዚያ በዘይትና በበርበሬ ቀስ እያለ ሰዓታት ይወስዳል፤ እንቁላሉም በእንግዳው ልክ ይቀቀላል። 12 ሰው ያለበት ቡድን በአንድ ጊዜ የአንዲት ነርስ ቤት ሲገባ አንድ ሙሉ ዶሮ ለእንግዳ ብቻ ሄደ ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ገና አልቀረበም። እሷ ደግሞ «ቀንሱ» አትልም። ቡድኑን በሦስት በሦስት ሰው ከፍሎ ወደ አራት ቤት መላክ ይሻላል፤ በየቡድኑ ቢያንስ አንድ አማርኛ ወይም የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል ሰው ይኑር። አስተናጋጆቹን ተቋሙ ይምረጥ፤ ቡድን መሪው ራሱ «ማን ይጠራናል?» ብሎ መጠየቁ ግዴታ ይሆንባቸዋል።

ባዶ እጅ አይኬድም። ጥሬ ቡናና ስኳር ከሁሉም ቤት ይስማማል። ከዚያ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ቡድን ሠራተኞቹ ለቅርጫ በሬ ሲገዙ ከሳምንት በፊት አንድ ሁለት መደብ በስማቸው ይግባላቸው፤ ከማንኛውም የውጭ ስጦታ ይልቅ ይህ ይከበራል። ለጥበቃዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞችና ለሾፌሩ የበዓል መዋያ ዋዜማው ሳይደርስ ይሰጥ። በበዓሉ ጠዋት የተሰጠ ብር ለዶሮ አይደርስም።

ምግቡን በተመለከተ፦ ጥሬ ሥጋና ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል ያመጣሉ፣ «ለብ ለብ»ም ቢሆን አያድንም። «በደንብ ይብሰልልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ጠላ ያልተፈላ ውኃ ሊኖርበት ስለሚችል ለሆዱ የሚሰጋ ሰው ለስላሳ ወይም ቡና ይዞ ይቀመጥ። ሁለት ቤት የሚሄድ ሰው መጀመሪያው ቤት ላይ እጁን ይሰብስብ፤ ጉርሻው ሳይቀር «በሞቴ» እየተባለ ስለሚመጣ ሁለተኛው ቤት ላይ እምቢ ማለት አይቻልም። ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ በአቦል መነሣት አይወደድም። ለአንድ ቤት ሦስት ሰዓት መመደብ ነው።

ሐዋሳን በመሰለ ከተማ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ገናን ያከብራሉ፣ ጾሙን ግን አብዛኞቹ አይጾሙም። ሙስሊም ባልደረባም በዚያው ቀን ዕረፍት አለው። ማን ምን እንደሚያከብር ቀድሞ መጠየቅ ነው። ሌላም የቀን ወጥመድ አለ፦ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። በሕዝብ በዓልነት ባይመዘገብም በዚያ ሰሞን የሐዋሳ ሆቴሎች በተሳላሚ ይሞላሉ፤ ወደ ቁልቢ የሚወስደው የምሥራቁ መንገድም ይጨናነቃል።

ሁለተኛ፦ አዲስ አበባ

ትልቁ ጥቅሙ ሕክምናና አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ መሆናቸው ነው። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በደህና ቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ በዋዜማው ግን በግና ዶሮ የጫነ መኪና ከሁለቱም አቅጣጫ ስለሚበዛ ከዚያ ይረዝማል። ከመሸ መጓዝ አይመከርም። የመንገዱን ደህንነት ከመነሳት አንድ ቀን ቀድሞ ከተቀባዩ ተቋም ማጣራት ግድ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አዲስ አበባ የደረሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በጎ ፈቃደኛ አክስቱ ቤት ይጠበቃል፤ አለመሄድም አይችልም። ስለዚህ ግማሹ ቡድን በየዘመዱ ቤት ዶሮ ሲበላ ግማሹ የሆቴል ሎቢ ውስጥ ስልኩን ሲነካ ይውላል፤ ምግብ ቤቱም ብዙው ዝግ ነው። ይህን ምርጫ የሚወስድ ቡድን አንድ ነገር አስቀድሞ ይስማማ፦ ዘመድ ያለው እያንዳንዱ ሰው ሁለት የውጭ ባልደረቦቹን ይዞ ይሄዳል፣ ለዘመዶቹም ከሳምንት በፊት ይነግራል። ይህ ካልተቻለ አዲስ አበባን ለበዓል መምረጥ ትርጉም የለውም።

የጤና ማሳሰቢያ፦ አዲስ አበባ ወባ የለም፣ ሐዋሳ ግን አለ። ወደ ደጋ ወጣሁ ብሎ መድኃኒቱን ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። ዶክሲሳይክሊን ከወባማው አካባቢ ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት፣ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል 7 ቀን ይቀጥላሉ።

ሦስተኛ፦ ላሊበላ

የገና ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ይህንን ነው፤ ምክንያትም አለው። በትውፊቱ ታኅሣሥ 29 የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከተቆመ በኋላ ጠዋት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል፦ ግማሾቹ ካህናት ከዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ፤ ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሳይነጋ ቦታ ያልያዘ ሰው ድምፁን እንጂ ካህናቱን አያይም።

ለሥራ ለመጣ ቡድን ግን ከአራቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ላሊበላ፣ ከማረፊያው ወደ ከተማው ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው። ሁለት ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን በዓሉ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፤ ከ14ቱ ቀን አምስቱ አለቀ። በበዓሉ ሰሞን የአልጋ ዋጋ ይቆለላል። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት የመጣ መንገደኛ ለአገር ውስጥ በረራ ዝቅ ያለ ዋጋ ያገኛል፤ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ይዞ መግዛት ነው። የአገር ውስጡ የሻንጣ ክብደት ግን ከዓለም አቀፉ ያንሳል፤ የሕክምና ዕቃው ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ተቆልፎ ይቆይ።

ከሁሉም በላይ የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ሲካሄድ ቆይቷል። የበጎ ፈቃደኛው አገር መንግሥት ወደ አካባቢው እንዳይጓዝ ካስጠነቀቀ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች እዚያ ለደረሰ ጉዳትም ሆነ በሕመም ምክንያት ለሚደረግ የአየር ማመላለሻ አይከፍሉም። ቡድን መሪው «በማስጠንቀቂያ ሥር ያለ አካባቢ» የሚለውን አንቀጽ በውሉ ላይ ራሱ ያንብብ፤ በስልክ «ችግር የለም» መባል አይበቃም።

ሁኔታው ተስተካክሎ የሚሄድ ካለ፦ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ልብና ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ ያሳልፍ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ነጠላ ብቻውን አይበቃም፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ጫማ ስለሚወለቅ ጫማውን በከረጢት ይዞ መግባት ነው፣ በር ላይ ከተተወ ከሺህ ጫማ ጋር ይቀላቀላል። ምንጣፉ ቁንጫ አለው፤ ረጅም ካልሲ ሱሪው ላይ ይሳብ። በጠባቦቹ የዐለት መተላለፊያዎች ሕዝቡ ሲገፋፋ መሐል መግባት አደገኛ ነው፤ እስኪያልፍ ዳር ይዞ መቆየት።

አራተኛ፦ ገናን በሥራ አልፎ ጥምቀትን ማክበር

ጥምቀት የአደባባይ በዓል ነው፤ የማንም ቤት ማእድ አይፈልግም። 12 ሰውም 40 ሰውም መንገድ ዳር ቆሞ ታቦት ሊሸኝ ይችላል። ለትልቅ ቡድን ከገና የተሻለ ነው የምንለው ለዚህ ነው። የፈቃድ ቀናቸውን ወደ ጃንዋሪ መግፋት ለሚችሉ ሰዎች ሌላም ጥቅም አለው፦ የዲሴምበሩ የትኬት ውድነት ያልፋል፣ ጾሙም ስለተፈታ ምሳ ከባልደረቦች ጋር መብላት ይቀላል። ዋዜማው ጥር 10 ግን ገሃድ ነው፤ ይጾማል።

አዲስ አበባ ላይ ቦታው ጃንሜዳ ነው። በከተራ ቀን ከሰዓት በኋላ የበርካታ አድባራት ታቦታት ወደዚያ ሲወርዱ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ከስድስት ኪሎ ወይም ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ሆቴል ካልተያዘ መኪና አያስገባም። በጥር 11 ሳይነጋ መድረስ ያስፈልጋል። ከታቦታቱ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ሲመለሱ የሚካኤል ታቦት ጥር 12 ይገባል፤ ስለዚህ በሥራ ምክንያት ጥምቀቱ ያመለጠው ቡድንም ቢያንስ ይህን ማየት ይችላል።

ጎንደር የፋሲል መዋኛ ይበልጥ ያምራል፤ የላሊበላው የጸጥታና የኢንሹራንስ ጥያቄ ግን ለእሱም ሙሉ በሙሉ ይሠራል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በመዋኛው ዳር የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። በእንጨት ርብራብ ላይ የተሻለ እይታ ተብሎ የሚሸጥ ቦታ አይገዛ፤ መሬት ላይ ሆኖ ማየት ይሻላል። ውኃው ሲረጭ አፍ ተዘግቶ፣ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ማረፍ የሚባልም ምርጫ አለ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ይመቻል፣ የደከመ ቡድን ያርፍበታል። በዓል ግን አይደለም፤ በበዓል ቀን የተከፈተ ሆቴል ነው።

በአጭሩ

| መመዘኛ | የሥራው ከተማ | አዲስ አበባ | ላሊበላ | ጥምቀት (ጃንሜዳ) |
|---|---|---|---|---|
| የሚባክን የሥራ ቀን | 2 እስከ 2.5 | 3 | 5 | 2.5 እስከ 3 (ከገናው በተጨማሪ፣ ቡድኑ ያኔ ካለ) |
| ተጨማሪ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| በአስተናጋጅ ላይ ጫና | ካልተከፋፈሉ ከባድ | በዘመዶች ላይ | የለም | የለም |
| ኢንሹራንስ | ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ መንገዱ ይጣራ | ቀላል | ውሉ ይነበብ | ቀላል |
| ዋና የጤና ስጋት | ምግብና ወባ | ምግብ | ከፍታ፣ ብርድ፣ ግፊያ | ግፊያና ፀሐይ |
| ቡድኑ አብሮ መዋሉ | በሦስት በሦስት | ይበተናል | አብሮ | አብሮ |
| ስንት ጊዜ ቀድሞ ይወሰን | 3 ሳምንት | 1 ወር | ብዙ ወራት | 2 ወር |

ለማን የቱ ይሆናል

የቀዶ ጥገና ቡድን በሥራው ከተማ ይዋል፤ ተኝቶ የሚታከም ሰው ትቶ 275 ኪሎ ሜትር መራቅ ተገቢ አይደለም። ሁሉም ካልተስማማ ቢያንስ አንድ ቀዶ ሐኪምና አንድ ሰመመን ሰጪ ተረኛ ሆነው ይቅሩ፤ ተራውም ከአገር ሳይወጡ በፊት ይጻፍ።

የመምህራን ወይም የግንባታ ቡድን የበለጠ ነፃነት አለው። ገንዘቡ ጠባብ ከሆነ የሥራው ከተማ፣ ቁጥሩ ከ15 ከበለጠ ጥምቀት። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ ከተቋሙ ሠራተኞች ጋር ገና ያልተላመደ ቡድን ቤት ለቤት ከሚዞር ጥምቀትን በጃንሜዳ ቢያይ ለሁለቱም ወገን ይቀላል። በተከታታይ ዓመታት የሚመለስ ቡድን ግን ባልደረባው ቤት ካልገባ ቅር ይሰኙበታል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ጊዜ የሌለውና በዓሉ ብዙም የማያሳስበው ቡድን ሥራውን ዲሴምበር 8 ገደማ ጀምሮ ዲሴምበር 22 ቢጨርስ ለገና የሚባክን ቀን አይኖርበትም፤ አባላቱም የራሳቸውን ገና ቤታቸው ይውላሉ። ላሊበላን የግድ ማየት የሚፈልግ ሰው ከቡድኑ ፕሮግራም ውጭ፣ በራሱ ወጪና በራሱ ኢንሹራንስ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ይሂድ፤ ያኔ የ«ቤዛ ኩሉ» ጠዋት አይኖርም፣ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ግን ያለ ግፊያ ይታያሉ።

ለአሜሪካ ነዋሪዎች ሒሳቡን መለየት ሌላም ምክንያት አለው። በአገሪቱ የግብር ሕግ ለታወቀ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሠሩ የወጣ የጉዞ ወጪ እንደ ልገሳ የሚያዘው ጉዞው ጉልህ የመዝናኛ ወይም የዕረፍት ይዘት ከሌለው ብቻ ነው። አምስት ቀን ላሊበላ የተጨመረበት የ14 ቀን ጉዞ ጥያቄ ያስነሣል። የበዓሉ ትኬት፣ አልጋና መግቢያ በቡድኑ የጋራ ካዝና አይከፈል፤ ደረሰኙም ለየብቻ ይቀመጥ።

ጥሬ ብርም ቢሆን ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድሞ ይውጣ። ባንክ ዝግ ነው፣ ኤቲኤሙም በዋዜማው ማታ ብር ሊያልቅበት ይችላል፤ የበግ ነጋዴም የውጭ ካርድ አይቀበልም።